የሲስተር ሪማን አፍ የያዝኩ ዕለት

ሰው አፍ ላይ እጅ መጫን ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እናቴ በደንብ አሳድጋኛለች። ያም ሆኖ እኔ አንድ ቀን፣ ያውም በሰው ቤት፣ ያውም ባሕር ተሻግራ ልትረዳን የመጣችን እንግዳ አፍ በመዳፌ ግጥም አድርጌ ይዤባታለሁ። ያን ቀን መልሳችሁ ብትሰጡኝ አሁንም እይዘዋለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ያኔ ከቤሩት ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ የአክስቴ ልጅ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ አላት፤ እዚያ ባልዲና ጆግ፣ ጀሪካንና የሕፃን ፖፖ እሸጣለሁ። የሚሸጠው እጄ ነው እንጂ ልቤ ዱባይ ነበር። ፓስፖርቴን አሳድሼ፣ ደላላው «በዚህ ወር ካልሆነ በሚቀጥለው» እያለኝ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነበር የምኖረው። አገሬ ገብቼም እንግዳ ነበርኩ። ሰፈርተኛው «ዓረብ አገር የከረመችው» ነው የሚለኝ። ቤሩት ውስጥ ክርስቲያን እንዳለ፣ ደወል እንደሚደወል ማን ይንገረው? «ሃይማኖቷንም ጥላ መጥታ ይሆናል» የሚሉ እንዳሉ እሰማለሁ። ማተቤን አንድ ቀን አልበጠስኩም፤ ቤሩት ያሠራችኝ ማዳሜ «ይሄን ቆሻሻ ክር ቁረጪው» ስትለኝ ከሸሚዜ ሥር ከትቼ ቆልፌበት ኖሬያለሁ። ግን ለማን ላስረዳ? ማስረዳት ሰለቸኝና ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ታዲያ ከጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው ሱቅ ድረስ መጣና «ማስተዋል ማለት አንቺ ነሽ? ዓረብኛ ትችያለሽ አሉ» አለኝ።

«ብችልስ? ምን ሊያደርግልህ?»

«ከቤሩት በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች መጥተዋል። አስተርጓሚያቸው መንገድ ላይ ታሞ ቀረባቸው።»

ሳቄ አመለጠኝ። የቤሩት ሰዎች! ስንት ዓመት ወለላቸውን የወለወልኩላቸው ሰዎች እኛን ሊያገለግሉ! ሰውየው ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም። የአንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፣ የዓመት ዕረፍታቸውን ለእግዚአብሔር ብለው ነው የመጡት፣ ከክምር ድንጋይ አለፍ ብሎ ጉና ተራራ ሥር ባለች ቀበሌ ጤና ኬላ ላይ ነው የሚሠሩት አለኝ። ክፍያ የለውም፤ ምግብና መኝታ ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሄድኩት ለጽድቅ አይደለም። እስቲ እነሱም ድንኳን ውስጥ በጉና ብርድ ሲንቀጠቀጡ ልያቸው ብዬ ነው።

እዚያ ስደርስ መጀመሪያ የሰማሁት ሲስተር ሪማን ነው። የቡድኑ ነርስ ናት፤ ጸጉሯ አጭር፣ ድምፅዋ ትልቅ። «ያንን አምጪ! ይሄን ያዢ! ቶሎ!» ስትል እግሬ እኔ ሳላዘው ይንቀሳቀሳል። የማዳሜ ድምፅ ቁርጥ! በራሴ ተናደድኩ። «ማዳም አትበይኝ፣ ሪማ በይኝ» አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። «እዚህ አገር ነርስ ሲስተር ነው የምትባለው፤ ሲስተር ሪማ እልሻለሁ» አልኳት። ማዳሜ ስሜ ከብዷት «ማያ» ብላ ነበር የምትጠራኝ፤ ሲስተር ሪማ ግን በሽተኛ እስኪገባ ድረስ «ማስ-ተ-ዋል» እያለች ስታጠና አየኋት። ቢሆንም ልቤን ቶሎ አልሰጠኋትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። የቀበሌው ሰው መጀመሪያ ፈረንጆቹን ፈርቷቸው ነበር። ካቶሊክ ሲባል የጎንደር ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። ነገሩን ያረጋጉት የሚካኤሉ ቄስ፣ አባ አያሌው ናቸው። የቡድኑን ዶክተር አስጠርተው፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ «ስብከት የለም፣ መጽሐፍ ማደል የለም፣ ሕክምና ብቻ» ብለው ቃል አስገቡት። ከዚያ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ «ሂዱ ታከሙ፤ እኔ አለሁ» አሉ። ሰዉም በእሳቸው አምኖ ጎረፈ።

ሥራው ሊያልቅ የተቃረበ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ደሴ የሚባል ገበሬ ሜዳውን እየሮጠ መጣ። ጋቢውን መንገድ ላይ ጥሎታል።

«ልጄን! ልጄን ድረሱልኝ! አረንጓዴ ታስታውካለች!»

«አረንጓዴ» ያለውን ስተረጉም ሲስተር ሪማ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች። ዶክተሩ የአንድ ሽማግሌ ቁስል ከፍቶ ስለነበር መነሳት አልቻለም፤ ሂዱ ብሎ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት። ቦርሳዋን አነሳች፣ እኔን በክንዴ ጎተተችኝ፣ ደሴን ይዘን መኪናው ውስጥ ገባን።

«አረንጓዴው ምንድን ነው?» አልኳት በዓረብኛ።

«አንጀቷ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች አንጀቱ ይሞታል። ከዚያ እሷም።»

ይሄን ለደሴ አልተረጎምኩለትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ የመኪናውን መስኮት ይዞ «ሚካኤል፣ ሚካኤል» ይላል።

ቤት ስንገባ እናቲቱ፣ ይታይሽ፣ መደብ ላይ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች። አራስ ናት። አራስ ያለ ብረት አትንቀሳቀስምና ማጭድ በመቀነቷ ሻጥ አድርጋለች። ልጅቱ ገና ክርስትና አልተነሣችም፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሣው፣ እሷ ደግሞ ሳምንታት ይቀሯታል። ሆዷ ተወጥሯል። አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፣ ድምፅ ግን የለም። ሲስተር ሪማ ዳሰሰቻት፣ አዳመጠቻት፣ ቀና አለች።

«ሆስፒታል። አሁኑኑ።»

ተረጎምኩ። ይታይሽ ልጇን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገችና «አይሆንም» አለች።

«እህቴ፣ ልጅሽ ትሞትብሻለች እኮ!»

«እኔስ ምን አልኩ? ለዚያ እኮ ነው።» ድምፅዋን አላነሳችም። «የመጀመሪያዋንም እንዲህ ጥድፍ ጥድፍ ብለው ወሰዱብኝ። ክርስትና ሳትነሣ። መንገድ ላይ ሞተች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትገባም ተባለና ከማሳው ዳር ቀበርናት። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሁልጊዜ በእሷ በኩል ነው የማልፈው። ከብት ይረግጣታል። ይቺን አልደግማትም። ቄስ ይምጡና ክርስትና ትነሣ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት ውሰዷት።»

ደሴ ወደ መሬት አቀረቀረ። ምን ይባላል? ሴትዮዋ ሕክምና ጠልታ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሐኪም አምና ልጇን ለከብት መርገጫ የሰጠች እናት ናት።

ለሞት የሚያሰጋ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል፤ ይሄ በእኛ ሥርዓት የታወቀ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የነቢያት ጾም ነበር። አባ አያሌው ሸንተረሩን ተሻግረው ገብሳቸውን እያበራዩ ነው። ቄስ እህል ውኃ ከቀመሱ ደግሞ ለዚያ ቀን አያጠምቁም። ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ኧረ አውድማ ላይ ጠላ ይቀርብላቸዋል!» አለች አንዲት ጎረቤት። «አንዴ አፋቸው ካደረጉ አለቀ!»

ደሴ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሹፌራችንም መኪናው እስከሚሄድበት ሊያደርሰው ተከተለው። እኔና ሲስተር ሪማ ከእናትና ልጅ ጋር ቀረን። ከእንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው ደሴ እጅ ላይ ነው፤ ከአባ አያሌው የጠላ ዋንጫ ይቀድማል ወይስ ዋንጫው ይቀድመዋል።

ሲስተር ሪማ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በልጅቱ አፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስገብታ ያንን አረንጓዴ ነገር ከሆዷ ቀዳችላት። ግሉኮስ ከምሰሶው ላይ ሰቀለች። ጎረቤት ሴቶች ቤቱን ሞሉት፣ ወንዶቹ ደጅ ቆሙ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ ልጅቱን ታያለች።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

ሁሉንም ነገርኳት። ከማሳው ዳር ስላለችው ልጅም ነገርኳት። ያንን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«ቄሱ ካልመጣስ?»

«እናቷ አትሄድም።»

ልክ ያኔ ልጅቱ መተንፈስ አቆመች። ሲስተር ሪማ ከእናቷ እቅፍ ነጥቃ ደረቷን አሸት አሸት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ለእኔ ዓመት የመሰለኝ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ትንሽ ጉሮሮዋ ተንሰቀሰቀና ተመለሰች። ከንፈሯ ግን ዓመድ መስሏል። ቤቱ ውስጥ ማልቀስ ተጀመረ።

«ውኃ ስጪኝ» አለችኝ ሲስተር ሪማ።

«ለምን?»

«እኔ አጠምቃታለሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በጭንቅ ጊዜ ማንም ክርስቲያን ማጥመቅ ይችላል። ውኃና ሦስቱ ስም ይበቃል። ከዚያ እንሄዳለን።»

«በእናንተ ነው እንጂ በእኛ አይሆንም!»

«አምላኩ አንድ አይደለም?»

«አምላኩ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን በር ላይ ቆመዋል!»

«እየሞተች እኮ ነው ማስተዋል! ንገሪያቸው!»

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? እስቲ አስቡት፤ ሲስተር ሪማ ብታጠምቃት ይታይሽ «ክርስትና ተነሣችልኝ» ብላ ታምናለች? በፍጹም። አባ አያሌውስ በካቶሊክ የተጠመቀች ሕፃን ላይ ምን ላድርግ ብለው ከራሳቸው ሲሟገቱ፣ ሊቀ ካህናት ይጠየቁ ሲባል፣ ልጅቱ ትጠብቃለች? ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ መጣ።

እሷ እኔን አልጠበቀችም። የሃይላንድ ውኃ ከቦርሳዋ መዘዘች፣ ክዳኑን በጥርሷ ከፈተችው፣ በመዳፏ ቀድታ የልጅቱ ግንባር ላይ አፈሰሰችና በዚያ ትልቅ ድምፅዋ «ቢስም ኢል-አብ…» አለች።

አብ! በዓረብኛም አብ ያው አብ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሰሙት። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ብቻ «ወልድ»ን ልታስከትል ከንፈሯን ስትከፍት መዳፌ አፏ ላይ ነበር፤ በሌላው እጄ ማጅራቷን ይዣለሁ። ቃሉ መዳፌ ውስጥ ታፍኖ ሲንፈራገጥ፣ ትንፋሽዋ ሲሞቀኝ ይሰማኛል። ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ በክርኗ ገፈተረችኝ።

«እንዴት ትደፍሪያለሽ!»

እናንተዬ፣ ይሄን ቃል በዓረብኛ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሩዝ ሲያር፣ ለእናቴ ስደውል ስትይዘኝ። ስንት ጊዜ አንገቴን ደፍቼ «ይቅርታ ማዳም» ብያለሁ! ያን ዕለት ግን አንገቴ አልደፋ አለኝ።

«እደፍራለሁ!» አልኳት በዚያው በዓረብኛ። «ይሄ ወጥ ቤትሽ አይደለም። ልጅቷ እንድትተርፍ ከፈለግሽ አሁን ዝም በይ!»

ዝም አለች። ቤቱ ግን ዝም አላለም።

«አጠመቀቻት! ፈረንጇ አጠመቀቻት!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ደጅ የነበሩት ወንዶች ዱላቸውን ይዘው በሩን ሞሉት፤ ቤቱ ጨለመ። «ካቶሊክ አደረጓት!» «ቃል ገብተው አልነበረም ወይ!» ይታይሽ ልጇን ነጥቃ ወደ ጓዳ ገባች፤ የግሉኮሱ ገመድ ተመዝዞ መሬት ላይ ወደቀ። ከወንዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ጎልማሳ፣ «አውጧት ይቺን ሴትዮ!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ብትሆኚ ዓረብ አገር ምን ጥለሽ እንደመጣሽ እናውቃለን!»

ፈራሁ። ቢሆንም ሲስተር ሪማን ከኋላዬ አድርጌ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«አባ አያሌው እየመጡ ነው! የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሳይመጡ ይቺን እንግዳ የሚነካ ካለ አስቀድሞ እኔን ይምታ!»

የአባ አያሌው ስም ሲጠራ ጎልማሳው ቆመ። አልሄደም፣ ግን ቆመ። ሲስተር ሪማ ከኋላዬ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ሰማሁት። «ኋላ እነግርሻለሁ፤ ቁጭ በይ» አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። የወደቀውን የግሉኮስ ገመድ አንስታ በአልኮል ትጠርግ ጀመር።

እንዲህ ተፋጠን ቆመን ሳለ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ።

አባ አያሌው ሲገቡ ጥምጣማቸው ላይ የገብስ ገለባ ነበር። ደሴ ከኋላቸው ያለከልካል። ይታይሽ ከጓዳ ሆና «አባ፣ ቀመሱ?» አለች።

«ዋንጫው እጄ ላይ ነበር» አሉ። «ይሄ ባልሽ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ በጥፊ ደፋብኝ።»

«እሰይ!» አልኩ ሳላውቀው። ደስታው ግን አልቆየም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ፈረንጇ እንዲህ አደረገች፣ እንዲህ አለች። አባ አያሌው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ቋንቋዋን የምትሰሚው አንቺ ነሽ። በመስቀሉ ፊት ነሽ። ውኃ አፍስሳለች?»

«አፍስሳለች አባ።»

ማጉረምረም ተነሣ።

«ስም ጠርታለች?»

በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ዓረብኛ የሚሰማ የለም። «ሌላ ነገር ነው ያለችው፣ መድኃኒት ነው የቀባቻት» ብል ማን ያውቅብኛል? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መስቀሉን አየሁት። ደግሞ ያቺ ልጅ በእኔ ውሸት ላይ እንድትጠመቅ አልፈለግኩም።

«‹አብ› ብላለች» አልኩ። «‹ወልድ› ሳትል አፏን ያዝኩት።»

«አፏን?»

«አዎ አባ። በእጄ።» መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

አባ አያሌው መዳፌን አዩ። መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሲስተር ሪማን አዩ። ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሥላሴ ሳይጠሩ ጥምቀት የለም» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ልጅቱ ፊቷን ታጠበች እንጂ አልተጠመቀችም። በሉ ዱላችሁን አስቀምጡና መንገድ ልቀቁ። ቁርባኑ ከዳነች በኋላ ይደርሳል፤ ጥምቀቱ ግን አሁን ነው። የክርስትና እናቷ ማን ናት?»

ሌላ ጣጣ! ለክርስትና እናትነት የታሰበችው የደሴ እህት የምትኖረው ይፋግ ነው፤ ለሰማንያው ቀን ነበር የምትመጣው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ቤተ ክርስቲያን የማትገባበት ጊዜዋ ነው፤ ሌላዋም እንዲሁ። የቀሩት ደግሞ ፈሩ፤ የምትሞት ልጅ ክርስትና ማንሣት ማን ይወዳል?

«እሷ ታንሣልኝ» አለች ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ። በአገጯ እኔን ነው የምታሳየው።

«እሷን?» አለ ጎልማሳው።

«አዎ እሷን! አንተ ዱላ ይዘህ ስትቆም ልጄን ለክርስትናዋ ያቆየልኝ የእሷ እጅ ነው።»

አባ አያሌው «ማተብሽስ?» አሉኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። ቀለሙ የጠፋ፣ በቤሩት ላብ የጠቆረ ማተቤን አወጣሁላቸው። «ክርስትና ስምሽ?»

«ወለተ ሥላሴ።»

ይሄን ስም ማንም ከጠየቀኝ ስንት ዓመት ሆኖት ነበር! እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፤ አልጠረግኩትም። ጎልማሳው ዓይኑን ሰበረና በሩን ለቀቀ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ይታይሽ አራስ ናት፣ መግባት አትችልም፤ ሲስተር ሪማም የእኛ አይደለችምና አትገባም። ሁለቱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቀሩ። እኔ ልጅቱን ታቅፌ ገባሁ። ወደ ምዕራብ ዞሬ ስለ እሷ ሰይጣንን ካድኩ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስለ እሷ አመንኩ። በአፍንጫዋ ያለውን ቱቦ ሲያዩ አባ አያሌው «ይሄስ?» አሉኝ። «ሆዷን የሚያራግፍላት ነው አባ» አልኳቸው። «ይቆይ» አሉ። የጉና ውኃ በዚያ ወር ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ልነግራችሁ አልችልም። አንዴ ሲያፈሱባት ምንም የለም። ሁለተኛም ምንም። እጄ ላይ ያለቀች መሰለኝ፤ «አምላኬ፣ ወለተ ሚካኤል የሚለው ክርስትና ስሟ ሳይጸናላት አትውሰዳት» አልኩ። በሦስተኛው አፏን ከፈተችና ጮኸች። ቀጭን ጩኸት ነው፣ ግን ጩኸት ነው! ከአጥሩ ውጭ የይታይሽን እልልታ ሰማሁ። ስወጣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል እንኳ ሳይግባቡ ተቃቅፈው ቆመዋል።

ይታይሽ ልጇን አልተቀበለችኝም። አዲሱን ማተብ በጣቷ ነካችና «አሁን ውሰዷት» አለች። «ብትሞትም መግቢያ አላት።» ከዚያ እሷው ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያሉት አይተዋት፣ የሕፃን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ባሕር ዳር ላኩን። መንገዱ ላይ ሲስተር ሪማ መልሳ የሰካችላትን ግሉኮስ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ እኔን ሳታየኝ፣ ታወራ ጀመር። በጦርነታቸው ጊዜ ወንድሟ ምድር ቤት ውስጥ ተወለደ። ውጭ ቦምብ ይወርዳል፤ ቄስ ከየት ይምጣ? አንዲት ጎረቤት ከሻይ ማፍያ ውኃ ቀድታ አጠመቀችው። ሳይነጋ ሞተ። «እናቴ እስከ ዛሬ የምትጽናናው በዚያች ውኃ ነው» አለችኝ። «ለዚህ ነው ያደረግኩት።»

ለይታይሽ ተረጎምኩላት። እጇን ዘረጋችና የሲስተር ሪማን ጉልበት ያዘች። «አይዞሽ በያት» አለችኝ። እኔም አልኳት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ፈትሾ ከይታይሽ መቀነት ማጭድ አወጣ። «ምንድን ነው ይሄ!» ብሎ ሊጮህ ሲል «አራስ ናት» አልኩት። «እ» አለና እንደ ዕቃ ቤት ሰው በክብር ተቀብሎ አስቀመጠላት።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ሲዘጋ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እኔ ቤሩት ውስጥ ስንት ወለል እንዳጠብኩ ታውቃላችሁ፤ ከቤሩት ሰው ጋር ጎን ለጎን ወለል ላይ ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣና «አንጀቷ ተጠማዞ ነበር። ፈትተን መልሰነዋል፤ ገና ሕይወት ነበረው። ልጅቱ ደህና ናት» አለ። ይታይሽ መሬቱን ሳመች። ሲስተር ሪማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ልጅ አለቀሰች።

ቀና ብላ «ቃሉን ብጨርሰው ኖሮስ?» አለችኝ።

«ቄሱ ይመረምሩ ነበር፣ እናቷም ትጠብቅ ነበር። ልጅቷ ግን አትጠብቅም ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በቀላ ዓይኗ እያየችኝ «በሕይወቴ አፌን የያዘኝ ሰው የለም፤ ባሌ እንኳ አልሞከረውም» አለች። «ደግሞ እጅሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።» ሆስፒታል ነው ሳንል ከት ብለን ሳቅን። ጥበቃው መጥቶ ተቆጣን።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ትሉኛላችሁ። ሻንጣዬን ፈታሁ። ደላላው ሲደውል «ልጅ አለችኝ» አልኩት፤ ደነገጠ። ኑሮ ሞላልኝ እያልኳችሁ አይደለም፤ አሁንም ባልዲ እሸጣለሁ። ግን ጉና ሥር ወዳለች አንዲት ቀበሌ ስሄድ ወንበር የሚለቁልኝ ሰዎች አሉ፤ ያ ዱላ ይዞ የቆመው ጎልማሳም አንዱ ነው። ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሰው አገር ልትረዱ ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ የልባችሁን ደግነት እንደያዛችሁ ሂዱ፣ በመሐል የሚተረጉምላችሁን ሰው ግን ስሙት። ከሰው አገር ለተመለሳችሁ እህቶቼም፤ በዚያ ሁሉ ስድብ ውስጥ የተማራችሁት ቋንቋ የእናንተ ነው። ከማንም አልሰረቃችሁትም። ሲስተር ሪማ በየጊዜው ድምፅ ትልክልኛለች፤ አሁን ስሜን ከእናቴ አሳምራ ነው የምትጠራው።

ወለተ ሚካኤል ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። ደሴ ለገበያ ሲመጣ እኔ ጋ ትቶልኝ ይሄዳል። ወሬኛ ናት፣ አታድርስ! ሱቁ ውስጥ ባልዲ ላይ ትቀመጥና «ክርስትና እናቴ፣ ፈረንጇን ምን አደረግሻት?» ትለኛለች። መቶ ጊዜ ሰምታዋለች።

«እንዲህ» እልና አፏን በመዳፌ እይዘዋለሁ።

እሷ ግን መቼ ዝም ልትል! መዳፌ ውስጥ ሆና ታወራለች፣ ትስቃለች። ትንፋሽዋ ይሞቃል። እኔም ቶሎ አልለቃትም።